የአሰብ መንገድ፦ ወሰን የተመላለሰበት አስፋልት

ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ሄግ ላይ ይፋ የሆነው የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን ውሳኔ ሲነሣ ሁላችንም ቀድሞ የሚታወሰን ባድመ ነው። ባድመ ለማን ተሰጠች፣ ማን ቀድሞ ጨፈረ፣ ማን ምን ደበቀ እያልን ሃያ ዓመት ተጨቃጭቀናል። በዚያው ውሳኔ ውስጥ ስለ ቡሬ የተጻፈች አጭር ነጥብ አለች፤ ብዙ ሰው አላነበባትም። ድንበሩ ቡሬ ላይ የሚያልፈው በሁለቱ አገሮች ኬላዎች መካከል፣ ከሁለቱም እኩል ርቀት ላይ ነው ትላለች። በቃ። ወንዝ የለም፣ ተራራ የለም፣ የጎሣ ወሰን የለም። ዳኞቹ በዚያ ቦታ ድንበሩን የለኩት አስፋልት ዳር ከቆሙ ሁለት ኬላዎች ተነሥተው ነው።

(ቡሬ ስል የጎጃሟን ማለቴ አይደለም። ከአሰብ ወደ መሀል አገር ሲመጣ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የምትገኘውን የአፋር ቡሬን ነው።)

አንድ መንገድ ድንበር ሲያቋርጥ አይተናል። ድንበር መንገዱን ተከትሎ ሲሰመር ግን ብዙ አይታይም። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ መንገድ ነው። ወደብ ወደብ ስንል መንገዱን እንረሳዋለን፤ የአሰብ ታሪክ ግን ከወደቡ ይልቅ የመንገዱ ታሪክ ነው። መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ውል አለበት፣ በውሉ መሠረት ግን ተሠርቶ አያውቅም። በሠሩት ጊዜ ደግሞ የሠሩት ሰዎች ሁለት ዓመት እንኳ በወጉ አልነዱበትም። ዓመተ ምሕረቶቹን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በፈረንጅ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።

ከመኪናው በፊት ግመል ነበር። ጁዜፔ ሳፔቶ የተባለ የጣሊያን ሚስዮናዊ የአሰብን የባሕር ዳር መሬት ከአካባቢው ሱልጣኖች በሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ ስም የተዋዋለው እ.ኤ.አ. ኅዳር 1869 ነው፤ የስዊዝ ቦይ በተከፈተበት በዚያው ወር። ኩባንያው ለመርከቦቹ የከሰል ማራገፊያ ፈለገ። የጣሊያን መንግሥት ቦታውን በ1882 ተረከበ። አሰብ የጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛት የመጀመሪያዋ ቁራሽ መሬት ናት፤ ምጽዋ እንኳ የተያዘችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ቁራሽ መሬት ይዞ መቀመጥ ቀላል ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ መግባት ግን ሌላ ጉዳይ ሆነ። ጁልዬቲ የሚባለው አሳሽ በ1881 ከአሰብ ተነሥቶ አፋር ምድር ውስጥ ከነተከታዮቹ ተገደለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቢያንኪ የሚባለው ከደጋው ወደ አሰብ መንገድ ልክፈት ብሎ ወረደ፤ እሱም እዚያው ቀረ። ያለፈው ኮንት አንቶኔሊ ነው። አንቶኔሊ ከሌሎቹ የሚለየው በድፍረት አይደለም። መንገዱ ባለቤት እንዳለው ገብቶት ነበር። ከአውሳው ሱልጣን ከመሐመድ ሐንፈሬ ጋር ተዋውሎ፣ በሱልጣኑ ጥበቃ ከአሰብ ሸዋ ደረሰ። በዚያው በ1883 አንኮበር ላይ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። ከዚያ በኋላ በአሰብና በአውሳ በኩል ወደ ሸዋ ከገቡት ሸቀጦች መካከል ጠመንጃ ዋነኛው ነበር። ጣሊያን አጼ ዮሐንስን ለማዳከም ብላ ለምኒልክ ያቀረበችው መሣሪያ በኋላ አድዋ ላይ ወደ ማን እንደዞረ መናገር አያስፈልገኝም።

ይቺን ነገር ያዙልኝ፦ ይህ መንገድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚከፈተው በአፋሮች ፈቃድ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣ መንግሥት ሁሉ ይህን ረስቷል።

ከአድዋ በኋላ ድንበር መሥመር መጣ። ግንቦት 8 ቀን 1900 ዓ.ም. ምኒልክና ጣሊያን በተፈራረሙት ውል በአፋር በኩል ያለው ወሰን ከባሕሩ ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን እየሄደ፣ የፈረንሳይ ሶማሌላንድ እስኪደርስ እንዲቀጥል ተባለ። ባሕሩ ሲታጠፍ ወሰኑም ይታጠፋል። ሁለቱ መንግሥታት በጋራ መሬት ላይ ምልክት ያደርጋሉ ተብሎ ነበር፤ አላደረጉም። አፋሩ ግመሉን እየነዳ በመሥመሩ ላይ ሲመላለስ መሥመር መኖሩን የሚነግረው ድንጋይ እንኳ አልተተከለለትም። የኋላ ኋላ ሄግ ላይ የተዘረጋው ይኸው የ60 ኪሎ ሜትር ወረቀት ነው።

በዚህ መካከል ንግዱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ባቡሩ ድሬዳዋ ደርሶ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። አሰብ የሙቀት፣ የዓሣና የጨው መንደር ሆና ተረሳች።

ያስታወሷት ራስ ተፈሪ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. አውሮፓን ሲጎበኙ ከልባቸው ካልጠፉት ጉዳዮች አንዱ የባሕር በር ነበር። የጅቡቲ ባቡር በፈረንሳዮች እጅ ነው፤ ዋጋውን የሚቆርጡት እነሱ ናቸው፤ አንድ በር ብቻ ያለው ቤት ደግሞ በረኛው እንደፈቀደ የሚኖር ቤት ነው። (ይህን ዓረፍተ ነገር ለዛሬው የጅቡቲ ኪራይ የጻፍኩት ከመሰላችሁ አልተሳሳታችሁም።) ጣሊያኖችም በበኩላቸው ንግዱን ከፈረንሳዩ ባቡር ነጥቀው ወደ አሰብ ማምጣት ፈልገዋል። ሁለት የተለያየ ፍላጎት አንድ ወረቀት ላይ ተገናኘ። ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. ራስ ተፈሪና የጣሊያኑ ሚኒስትር ጁልያኖ ኮራ አዲስ አበባ ላይ የሃያ ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። አብሮት የመንገድ ስምምነት ነበረ። ኢትዮጵያ አሰብ ላይ ለ130 ዓመት ነፃ ቀጠና ታገኛለች። ከአሰብ ደሴ የካሚዮን መንገድ ይሠራል። ከአሰብ እስከ ወሰኑ ያለውን ጣሊያን፣ ከወሰኑ እስከ ደሴ ያለውን ኢትዮጵያ ትሠራለች። በመንገዱ ላይ የጭነት ሥራውን የሚይዘው የሁለቱ የጋራ ኩባንያ ነው።

130 ዓመት። ውሉ ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ ነፃ ቀጠናው ዛሬም ገና ጊዜው አላለቀም ነበር።

አልተፈጸመም። ምክንያቱን ከሁለቱም ወገን ማየት ይገባል። ጣሊያኖች በኢትዮጵያ በኩል ያለውንም መንገድ የእኛ መሐንዲሶች ይንደፉት፣ የእኛ ሰዎች ይሥሩት አሉ። የአዲስ አበባ መኳንንት ደግሞ ካርታውን ሲያዩ የሚታያቸው ሸቀጥ አልነበረም፤ መድፍ ነበር። ከባሕር ተነሥቶ በአፋር በረሃ አልፎ፣ በባቲ ወጥቶ ደሴ የሚገባ፣ ካሚዮን የሚችል መንገድ በገዛ ገንዘባችን ለጣሊያን ልንጠርግላት ነው ወይ? ኢትዮጵያ ሥራውን ለሆላንድ መሐንዲሶች ሰጠች፤ ጥናት ተደረገ፣ ጊዜ ተገዛ፣ ሮማ ተቆጣች፣ መንገዱ ወረቀት ላይ ቀረ።

ዛሬ ይህን ውሳኔ «ያመለጠን ዕድል» እያሉ የሚጽፉ አሉ። እኔ አልስማማም። የጣሊያኑ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ዴ ቦኖ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ራሱ እንዳመነው ወረራው ከ1935 ብዙ ቀድሞ ሲሰናዳ ነበር፤ ለዚህም ነው በኤርትራ ወደቡና መንገዱ ሲታደስ የቆየው። መኳንንቱ የፈሩት ነገር እውነት ነበር። ነገር ግን ፍርሃታቸው እውነት መሆኑ የመንገዱን አለመኖር ጥቅም አያደርገውም። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ከአሰብ በኩል ተነሥቶ፣ ያለ መንገድ፣ በግመልና ከአውሮፕላን በሚጣል ስንቅ በረሃውን አቋርጦ በመጋቢት ሰርዶን ያዘ። መንገዱን በመከልከል በሩን ዘጋን ብለን ነበር፤ ሲመጡ ግን መንገድ አላስፈለጋቸውም።

ከውሉ አንድ ነገር ግን ጥቅም ላይ ውሏል፤ ይህ የታሪክ ፌዝ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ ግጭት ሲነሣ ኢትዮጵያ ጉዳዩ በግልግል ዳኝነት ይታይ ብላ የጠየቀችው በዚያው በ1920ው የወዳጅነት ውል አምስተኛ አንቀጽ መሠረት ነው። መንገዱ ያልተሠራለት ውል ቢያንስ ለክስ አገለገለ። ሙሶሊኒ ግን መጀመሪያ ላይ እምቢ አለ።

ደሴ ሚያዝያ 7፣ አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ተያዙ። አዲስ አበባ ከተያዘች ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሮማ ላይ የመንገድ ዕቅድ ጸደቀ፤ የአሰብ ደሴ መንገድ ከነዚያ ውስጥ ነበረበት። ወሰኑ ራሱ ጠፋ። ጣሊያኖች ሁሉንም «የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ» ብለው አንድ አደረጉት፤ ትግራይን ቆርጠው ከኤርትራ ጋር ቀላቀሉ። መንገዱን «የዳንካሊያ መንገድ» አሉት። ከአሰብ ተነሥቶ በቡሬ፣ በማንዳ፣ በሰርዶ፣ በሚሌ፣ በባቲ፣ ኮምቦልቻ ይወጣል፤ ከዚያ በደሴ አዲስ አበባ መንገድ ይቀጥላል፤ በጠቅላላው ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ። በ1939 እ.ኤ.አ. ለመኪና ተከፈተ። ያን በረሃ የሚያውቅ ሰው ሥራው ምን ማለት እንደነበር ይገባዋል። ድንጋዩ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ በቀትር እጅ አያስነካም፤ ውኃ በበርሜል እየተጫነ ነው የሚመጣው።

ሰኔ 4 ቀን 1933 ዓ.ም. ከመርከብ የወረደ የእንግሊዝ ጦር አሰብን ሲይዝ ጣሊያን የመጨረሻውን የቀይ ባሕር ወደቧን አጣች። ሁለት ዓመት ብቻ የነዱበትን መንገድ ትተውልን ሄዱ።

ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ስለ መንገዱ ባሕርይ ብዙ ይናገራሉ። ድንበሩ ተመልሶ መጣ፤ ከቡሬ ወዲያ የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር፣ ወዲህ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት። የሚጠግነው ጠፋ። ድልድዩ ተበላ፣ ጎርፉ ትከሻውን ወሰደው፣ አስፋልቱ ተላጠ። በ1943 ዓ.ም. መጀመሪያ የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ብድር ሲሰጥ ትልቁ ክፍል፣ አምስት ሚሊዮን ዶላር፣ ለመንገድ ነበር። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። የተቋቋመው አዲስ ለመሥራት ሳይሆን መጀመሪያ ያለውን ከመጥፋት ለማዳን ነው። ቀጥሎ መስከረም 1945 ላይ ፌዴሬሽኑ መጣ፤ ኅዳር 1955 ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። የቡሬ መሥመር እንደገና ከካርታ ጠፋ።

የመንገዱ ወርቃማ ዘመን ይህ ነው። ዩጎዝላቮች በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ወደቡን በዘመናዊ መልክ ሠሩት። ሶቪየቶች የነዳጅ ማጣሪያውን ተክለው በ1967 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። እንግዲህ ድፍድፉ በመርከብ ይመጣል፣ ይጣራል፣ በቦቴ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣል። በአዋሽና በገዋኔ በኩል ሚሌ የሚገናኘው አዲሱ መንገድ ሲሠራ ደግሞ የኮምቦልቻን ዳገት መውጣት ቀረ። ባለ ተሳቢው «ኤን ትሬ» ፊያት የዚህ መንገድ ንጉሥ ነበር። ሹፌርና ረዳት ሌሊት ይነዱ፣ ቀን መኪናው ሥር ይተኙ ነበር፤ ቀን ጎማው አይችለውም። ሚሌ፣ ሰርዶ፣ ማንዳ፣ እነዚህ ስሞች በብዙ ቤተሰብ ውስጥ የአባት ስም ያህል የሚታወቁ ናቸው። አሰብ ራሷ አማርኛ፣ አፋርኛ፣ ትግርኛና ዐረብኛ በአንድ ሻይ ቤት የሚሰሙባት ከተማ ሆነች። ከወሎና ከሸዋ የሄደ የቀን ሠራተኛ ጫኝና አውራጅ ሆኖ፣ አግብቶ ወልዶ እዚያው ኖረ።

በ77ቱ ድርቅ የእርዳታ እህል የጫኑ መርከቦች አሰብ ላይ ተሰልፈው ነበር። የዓለም ጋዜጦች በጊዜው ስለ ወደቡ መጨናነቅ ብዙ ጻፉ። ችግሩ ግን ከወደቡ የባሰ መንገዱ ላይ ነበር፤ እህሉን የሚያወጣ ተሳቢ አልበቃም። ያኔም ቢሆን ወደብ የሚባለው ነገር ከበስተጀርባው ያለው ከባድ መኪናና መንገድ መሆኑን የተማርን መስሎኝ ነበር።

ደርግ በበኩሉ በ1980 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ አዲስ መሥመር አሰመረ። በኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት አሰብ ከኤርትራ ተነጥላ የራሷ ራስ ገዝ ሆነች፤ በሁለቱም ወገን ያሉ አፋሮችን የሚያቅፍ አስተዳደር ማለት ነው። ዛሬ «አሰብ እኮ የኤርትራ አልነበረችም» የሚለው ወገን ይህን ካርታ እየመዘዘ ያሳያል። እኔ ይህን ክርክር ከልቤ አልወስደውም። ደርግ ያንን መሥመር ሲያሰምር አፋሮችን ወድዶ ሳይሆን ሻዕቢያን ለማሳጠር ነበር፤ ሥርዓቱም ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አልቆየ። አፋሮች በአንድ አስተዳደር ሥር መሰባሰባቸው ግን በራሱ መልካም ሐሳብ ነበር፤ መጥፎ አባት ያለው ጥሩ ልጅ ልንለው እንችላለን።

ግንቦት 1983 የሻዕቢያ ጦር በዳንካሊያ የባሕር ዳርቻ ወርዶ አሰብን ያዘ። ሚያዝያ 1985 ሕዝበ ውሳኔ፣ ግንቦት ላይ ነፃነት። የቡሬ መሥመር ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ የሁለት ሉዓላዊ አገሮች ወሰን ሆኖ።

ስለ እነዚያ ዓመታት ብዙ የተጻፈው ቁጭት ነው። ወደቡን ማን ሰጠው፣ ለምን አልተጠየቀም፣ ማን ፈረመ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አልነቅፍም። ግን አንድ ነገር ተዘንግቷል። ከ1983 እስከ 1990 ዓ.ም. አሰብ በሌላ አስተዳደር፣ በኋላም በሌላ አገር እጅ ሆና አብዛኛው የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ የሚያልፈው በዚያው ነበር። መንግሥታቱ ስለ ወደብና ስለ መተላለፊያ አገልግሎት ተዋውለዋል፤ ክፍያው በብር ነበር፤ ቦቴው ቡሬ ላይ ወረቀት አሳይቶ ያልፋል። ሁለቱ ኬላዎች የተተከሉት በዚህ ጊዜ ነው። ለሰባት ዓመት ያህል ድንበርም ነበር፣ መንገድም ነበር። ይህን የማነሣው የባሕር በር ጥያቄ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። መንገዱን የዘጋው ድንበሩ አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

የዘጋው ገንዘብ ነው፣ ቢያንስ በመጀመሪያ። የአሰብ ማጣሪያ በ1997 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ኤርትራ ናቅፋን አወጣች፤ ናቅፋ ከብር ጋር እኩል ይመንዘር አለች። ኢትዮጵያ እምቢ ብላ ከ2,000 ብር በላይ የሆነ ንግድ በውጭ ምንዛሪ ይሁን አለች። አሥመራ ተናደደች፣ አዲስ አበባ አልመለስም አለች፣ ጭነቱ ቀስ እያለ ወደ ጅቡቲ መዞር ጀመረ። ግንቦት ላይ ባድመ ፈነዳ።

ከዚያ በኋላ ያለው ለብዙዎቻችሁ ታሪክ ሳይሆን ትዝታ ነው። የቡሬ ግንባር የሚባለው ይኸው መንገድ ነበር። ኤን ትሬ ሲወጣ ሲወርድበት የኖረው አስፋልት በሁለቱም ወገን ምሽግ ተቆፈረበት። በ1992 ዓ.ም. ግንቦት ማብቂያና ሰኔ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ጦር በዚህ በኩል አጥቅቶ ከባድ ውጊያ ተደረገ፤ ሰኔ ላይ አልጀርስ ላይ ተኩስ ማቆም ተፈረመ። «ለምን አሰብ አልተያዘም» የሚለው ክርክር ከዚያ ቀን ጀምሮ አላባራም። በዚያ ክርክር ውስጥ ግን የማይነሡ ሰዎች አሉ። አሰብ ላይ ይሠሩ የነበሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደቡ ሥራ ሲያቆም እንጀራቸውን አጥተው፣ ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ከኢትዮጵያ ደግሞ 75,000 ያህል የኤርትራ ተወላጆች ተባረሩ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ አዲስ አበባ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ ነበሩ። አንድ መንገድ ሲዘጋ በሁለቱም ጫፍ ቤት ይዘጋል።

ጦርነቱ ሲፈነዳ አሰብ ላይ የቀረውን የኢትዮጵያ ዕቃም ልጥቀስ። ኢትዮጵያ ጉዳዩን ለካሳ ጥያቄ ኮሚሽኑ አቅርባ ነበር፤ በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. ጥያቄው ውድቅ ሆነ። ይህን ዜና በጊዜው የሰማ ሰው ጥቂት ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልመለስ። ኮሚሽኑ ለምሥራቁ ወሰን የያዘው የ1900ውን ውል፣ ያንኑ 60 ኪሎ ሜትር ነው። ቡሬ ላይ ሲደርስ ግን ሁለቱ መንግሥታት ከነፃነት በኋላ በተግባር ተቀብለውት የኖሩትን ተመለከተ፤ ኬላዎቹን። በመቶ ዓመት ውስጥ በዚያ ወሰን ላይ ሁለቱ አገሮች በሰላም የተስማሙበት ብቸኛ ምልክት የመኪና ማቆሚያ እንጨት ነበር ማለት ነው። ምልክቱ መሬት ላይ አልተተከለም። በ2000 ዓ.ም. ኮሚሽኑ ወሰኑን በካርታ ላይ በነጥብ አስቀምጦ ሥራውን ጨረሰ።

ከዚያ በኋላ አሰብ ለሌላ ሰው ጦርነት ሠራች። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ለየመን ዘመቻ የጦር ሠፈር አደረገቻት፤ አውሮፕላን ተነሣባት፣ መርከብ ጫነባት፤ በ2021 ነቅላ ሄደች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ወደ ቡሬ የሚወጣው መንገድ ባዶ ነበር።

ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. አሥመራ ላይ ሰላም ተፈረመ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች ቡሬ ላይ ተገኝተው መንገዱን ከፈቱ። በኢትዮጵያ በኩል ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድ ጥገና ተጀምሮ ነበር። የዘፈኑን፣ የእንባውን ነገር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በሁለቱ መንግሥታት መካከል ግን ስለ ጉምሩኩ፣ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ክፍያው ለሕዝብ የተነገረ ዝርዝር ውል አልነበረም። በ1990ም ነገሩን የበላው ይኸው ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ኬላዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ የቡሬውም ተዘጋ። በዘፈን የተከፈተ በር ለምን እንደተዘጋ በይፋ የነገረን የለም።

ጥቅምት 2016 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የቀይ ባሕርን ጉዳይ በቴሌቪዥን ካነሡ ወዲህ ደግሞ ወሬው ሁሉ ሌላ ነው። እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ከዘጠና በመቶ በላይ ንግዱን በአንድ በር ማሳለፉ ችግር ነው፤ ራስ ተፈሪም የታያቸው ይኸው ነበር፤ ይህን የሚክድ ሰው ከጋላፊ ወረፋ ጋር አይተዋወቅም። ነገር ግን ነገሩ እንዴት እንደተገለበጠ እዩ። በ1920 ዓ.ም. ይህን መንገድ የፈራችው አዲስ አበባ ነበረች፤ በካሚዮን ፈንታ መድፍ ታያት። ዛሬ ያንኑ መንገድ የምትፈራው አሥመራ ናት፤ በተሳቢ ፈንታ ታንክ ይታያታል። እኛ ደግሞ በየቀኑ በማይክ ፍርሃቷን እናጸድቅላታለን። የጣሊያን ጋዜጦች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለ አገራችን በሚጽፉበት ቃና ስለ ጎረቤት እየጻፍን፣ መንገዱን ለምን አይከፍቱልንም ብሎ መገረም አይቻልም። አሥመራም ብትሆን ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ባዶ የተቀመጠ ወደብ ለአሰብ ሕዝብ ምን አተረፈለት ተብላ መጠየቅ አለባት፤ ከተማዋን የሞላት ጭነት ነበር፣ ከጭነቱ በቀር የተካላት ነገር የለም።

አፋሩን ግን ማን ይጠይቀው? ከሰርዶ አልፎ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ጋላፊና ጅቡቲ ይሄዳል፤ ቀንና ሌሊት የተሳቢ ሰልፍ ነው፤ አስፋልቱ በክብደት ብዛት እንደ ማረሻ ትልም ገብቷል። ሌላው በኤሊዳር በማንዳ ወደ ቡሬ ይሄዳል፤ በእሱ ላይ ፍየል ትተኛለች። አንድ ቋንቋ የሚናገር፣ አንድ ጎሣ የሚቆጥር ሕዝብ በሦስቱም አገር አለ፤ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ጅቡቲ። አንቶኔሊ በ1883 ቢያንስ ሱልጣኑን አስፈቅዶ ነበር ያለፈው።

በአሰብ መስመር የነዳችሁ፣ ረዳት የነበራችሁ፣ ወደቡ ወይም ማጣሪያው ላይ የሠራችሁ፣ ወይም አባቶቻችሁ የሠሩ ካላችሁ ጻፉልኝ። በተለይ የምፈልገው በ1980ዎቹ ዓ.ም. ቡሬ ኬላ ላይ ወረቀት እንዴት ይታይ እንደነበር ነው፤ ምን ይጠየቅ ነበር፣ ስንት ሰዓት ይፈጅ ነበር፣ ክፍያው የት ነበር የሚቆረጠው። ስለዚያ ዘመን ፖለቲካ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ኬላው አሠራር ግን የተጻፈ ነገር አላገኘሁም። አንድ ቀን በዚያ በኩል መኪና ይለፍ ከተባለ መጀመሪያ የሚያስፈልገው እሱ ነው።